ከዲንሾ እስከ ሐረና፦ የባሌ ተራሮችን በእግር ለማቋረጥ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዲንሾ ተነሥቶ የዌብን ሸለቆ፣ የገርባ ጉራቻን ሐይቅና የሳነቴን አምባ አልፎ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ በዝግታ ለሚጓዝ ሰው ስድስት ወይም ሰባት ቀን ይፈጃል። በአገራችን ተራራን፣ ሐይቅንና ጥቅጥቅ ያለ ደንን በአንድ ጉዞ ተራ በተራ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የእግር መንገድ አላውቅም። ስሜን በገደሉ ይበልጠው ይሆናል፤ ሐይቁና ደኑ ግን የባሌ ነው። ይህ ጽሑፍ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድበት ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ቀን ውበት ከመዘርዘር ይልቅ ጉዞው እንዳይበላሽ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

አብዛኛው ሰው ሲዘጋጅ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናው አይደለም። በባሌ የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን በተከታታይ ሌሊቶች ከ3,500 እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ መተኛቱና ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚመጣው ብርድ ነው። በሜዳ ላይ በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሄድ ጎረምሳ ከነሙሉ ጉልበቱ በሁለተኛው ቀን ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ አዛውንት ግን እስከ መጨረሻው ሲዘልቁ አይቻለሁ።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣና እየሄደ ይቆያል። ስለዚህ ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ይሁንና ደረቅ ማለት ሞቃት ማለት አይደለም። ሰማዩ በጠራ መጠን ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ሌሊት በፍጥነት ስለምትለቅ፣ ቀን በሸሚዝ ያስኬደው የሳነቴ አምባ ሊነጋጋ ሲል ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊወርድ ይችላል። በዝናብ ወቅት የሚሄድ ሰው ብርዱ ትንሽ ይለዝብለታል፤ ነገር ግን ጭጋጉ መንገዱን ይሸፍንበታል፣ ረግረጉም የሰውንም የፈረስንም እግር ይይዛል። ሁለቱንም ወቅት ሞክሬ እኔ የምመርጠው ኅዳርን ነው፤ ክረምቱ የሞላቸው ሐይቆች ገና ያልደረቁበት፣ ሣሩም ፈጽሞ ያልነጣበት ጊዜ ነውና።

የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመነሣትዎ በፊት ባሉት ቀናት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከወራት በፊት የሰሙትን ወሬ ይዘው አይሂዱ።

ዲንሾ ላይ የሚፈጸም ዝግጅት

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲንሾ ሲሆን፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚሄደው አስፋልት የፓርኩን በር ጨርፎ ወደ ሮቤ ያልፋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መግቢያውን፣ የድንኳን መትከያውን፣ አስጎብኚውን፣ ፈረሱንና ባለፈረሱን በሚመለከት ክፍያው የሚፈጸመውና ውሉ የሚያልቀው እዚሁ ነው። የእያንዳንዱን ዋጋ በቀን ስንት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ የተስማሙበትንም በወረቀት ያስፍሩ፤ ደረሰኙንም በመንገድ ላይ የሚጠይቅ ሊኖር ስለሚችል አጠገብዎ ይያዙ።

ዲንሾ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች በደረሱበት ማግስት ወዲያው አይነሡ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ይዋሉ። ቀኑ አይባክንም፤ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ ከሰው ብዙም ሳይሸሹ ይታያሉ፤ የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚገኝበት ሌላ አገር የለም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞውኑ ከፍታ የለመደ ስለሆነ አንድ ቀን ሊበቃው ይችላል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥቶ በቀጥታ ወደ ባሌ የሚወጣ ወገናችን ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ቢቆይ፣ ከዚያም ዲንሾ ላይ ሁለት ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል።

ባሌ የፈረስ አገር ነው። ጓዝዎን በጀርባዎ ለመሸከም ቢያስቡ እንኳ በዚህ ከፍታ ፈረስ መያዙ ቅንጦት አይሆንም፤ ሰው ቢታመም ተሸክሞ የሚያወርደውም እሱ ነው። ጭነቱ የሚታሰረው በገመድ ተጠፍሮ ስለሆነ ውድ የሆነ ባለዘንግ ሻንጣ ለዚህ አይመችም፤ ልብስዎን በላስቲክ ጠቅልለው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ቢያስገቡት ከዝናብም ከመላላጥም ይድናል። በቀኑ መካከል የሚያስፈልግዎትን ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና ስንቅ ግን በትንሽ ቦርሳ ራስዎ ይያዙ፤ ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ በሌላ አቋራጭ ስለሚሄዱ እስከ ማታ ላያገኟቸው ይችላሉና።

ከባለፈረሱ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። «አካም»፣ «ነጋ»፣ «ገለቶማ» የሚሉትን የሰላምታና የምስጋና ቃላት ማወቅ ከጨዋነት አልፎ መንገዱን ያቀላል፤ የቦታዎቹንም ስም መረዳት እንደ ካርታ ያገለግላል። ቱሉ ማለት ኮረብታ፣ ዲምቱ ማለት ቀይ ነው፤ ገርባ ጉራቻ ማለት ጥቁሩ ሐይቅ ነው፤ ሆራ የተባለ ቦታ ሲሰሙ ደግሞ ከብት ለማጠጣት የሚነዳበት ጨዋማ ውኃ እንዳለ ይወቁ፤ ይህም ማለት መንጋና እረኛ፣ ከእነርሱም ጋር ውሻ አይጠፋም ማለት ነው።

ልብስና ስንቅ

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ልብስ፣ በላዩ ሱፍ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ በላዩ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ፤ ጂንስ ሱሪ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ ስለማይደርቅ ቤት ይተውት። ጋቢ ማታ ድንኳን ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀን ግን ዝናብ ከጠጣ ሸክም ነው። የመኝታ ከረጢትዎ ከዜሮ በታች ለአሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነ ብርድ የተሠራ ይሁን፤ ከሥር የሚነጠፈውንም ፍራሽ አይናቁት፣ ምክንያቱም ሌሊት ሙቀትዎን ከአየሩ ይልቅ የሚወስድብዎት ምድሪቱ ናት። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ የተዋስኩትን ስስ ከረጢት ተማምኜ ሳነቴ ላይ ያደርኩትን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ ካልሲዬን በእጄ አጥልቄ፣ ንጋትን በሰዓት ስቆጥር ነው ያደርኩት። ጫማው ቢያንስ ለአንድ ወር ያደረጉት፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ይሁን። ባርኔጣና የከንፈር ቅባትም አይርሱ፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ የማያቃጥል ይመስላል፤ ማታ ግን ፊት ተልጦ ይገኛል።

በስንቅ በኩል አበሻ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከውጭ የሚመጣውን የታሸገ ምግብ በውድ ከመግዛት በፊት አያቶቻችን ለዘመቻ የያዙትን ማሰብ ይበቃል። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየተራመዱ የሚቆረጠሙ ናቸው፤ ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ደግሞ ተቀምጦ ከመብላት ይልቅ በየሰዓቱ ጥቂት መቆርጠም ይቀላል። የአርሲና የባሌ ሰው ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚያዘጋጀው ጭኮ ለብርድ አገር የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ጠይቀው ይግዙ። ጉዞዎ በጾም ላይ ከዋለ በሶውን በዘይትና በበርበሬ ማሸት ይቻላል።

ማብሰልን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሆኑም ሻዩ ቶሎ ቢፈላም ባቄላና ሽምብራ ለሰዓታት ቢጣዱ እንኳ አይበስሉም፤ ምስር ክክም ያስቸግራል። ሽሮ ግን ቀድሞውኑ ተቆልቶና ተፈጭቶ የመጣ ዱቄት ስለሆነ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ ቋንታ ጣል ካደረጉበት ደግሞ እራት ነው። የምንጭ ውኃ ከብት በሚውልበት አገር ሁልጊዜ ፈልቶ መጠጣት አለበት፤ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን በቂ ነው። ለማገዶ አስታና ጽድ መቁረጥ ደኑን መግደል ስለሆነ የጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ይዘው ይሂዱ።

መንገዱ

ከዲንሾ ተነሥተው በመጀመሪያው ቀን የዌብን ወንዝ ይዘው ወደ ፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ ያመራሉ፤ ማደሪያው በዚያው አቅራቢያ ሶዶታ ነው። በዚህ ስፍራ፣ በ3,469 ሜትር ላይ ያለው የዓለት መጠለያ በቁፋሮ ተመርምሮ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ደጋግመው እንደኖሩበት ታውቋል፤ ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የዋና ምግባቸው አጥንትም ተገኝቷል፤ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ዛሬ ያንኑ ፍልፈል የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው። ዓለቱን ሲጎበኙ ምንም ነገር አያንሡ፣ አይጫሩ፣ ውስጡም እሳት አያንድዱ።

በሁለተኛው ቀን ዌብ ሸለቆ ይከፈታል። ሸለቆው ሰፊና ሣራማ ሲሆን፣ ወደ ኬይረንሳ ማደሪያ ሲወጡ ከፍታው 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የዓለም ቀይ ቀበሮ ሁሉ ተደምሮ ከ500 በታች አዋቂ እንደሆነና ከግማሽ በላዩ በእነዚህ ተራሮች እንደሚኖር ያስታውሱ፤ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ማለዳ ተነሥቶ የተራመደ ሰው ሳያያቸው አይመለስም ማለት ይቻላል። የአካባቢው ሰው «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይላቸዋል፤ እንግዴ ልጁን ፍለጋ የምትወልድ ባዝራን ስለሚከተሉ ነው ይባላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቡችሎች የሚወለዱበት ስለሆነ ጉድጓዳቸውን ካዩ ዞር ብለው በርቀት ይለፉ። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የጨረሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እግርዎንም ይጠብቁ፤ ፍልፈል የቦረቦረው መሬት ከላይ ደህና መስሎ ሲረግጡት ይሰጥማል።

ከኬይረንሳ ወደ ራፉ የሚወስደው ሦስተኛው ቀን፣ ከቀለጠ ዓለት ፍሳሽ የቀሩ የድንጋይ ዓምዶች እንደ ሐውልት ቆመው በሚታዩበት አገር ያልቃል። በአራተኛው ቀን ወደ ገርባ ጉራቻ ይሻገራሉ። ይህ ሐይቅ በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር የቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የበረዶ ግግር ነበረ ሲባል የማያምን ሰው ቢኖር እዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች መመልከት ይበቃዋል። ድንኳኑን ከውኃው ዳር አርቆ፣ ንፋስ የሚሰብር ዓለት ጥግ መትከል ይገባል። የውኃ መያዣዎን ሌሊት ዘቅዝቀው ያስቀምጡት፤ ውኃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ጠዋት አፉ ክፍት ሆኖ ያገኙታል።

ከራፉ ጀምሮ ያሉት ሌሊቶች የጉዞው ፈተና ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ መመሪያ ነው፤ ከላይ የተዘረዘሩት ማደሪያዎችም በዚህ ልክ የሚሄዱ ስለሆኑ ጊዜ ለመቆጠብ ሁለቱን ቀን በአንድ አያጥፉ። ቀላል ራስ ምታትና የእንቅልፍ መቆራረጥ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽና ከድካም ጋር ከመጣ ግን እስኪለቅ ድረስ ባሉበት ይቆዩ፣ አይውጡ። ሰውየው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ እንጂ ንጋትን መጠበቅ አይቻልም። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ከፍታን ለመልመድ የሚረዳ መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። «ለብርድ» ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣ ስለሆነ ለማታው ሻይ ይሻላል።

በአምስተኛው ቀን የሳነቴን አምባ ያቋርጣሉ። ጅብራ የተባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከሩቅ ሲታዩ ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላሉ፤ በጉም ጊዜ ብዙ መንገደኛ ሰላም ብሏቸዋል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም አቀበቱ ገር ነው፤ መኪና እስከ ጫፉ ስለሚወጣና የመገናኛ ማማ ስለተተከለበት ግን ጭር ያለ ከፍታ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። በአምባው ላይ ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች በበጋ መጨረሻ ስለሚደርቁ የዕለቱን ውኃ ከመነሣትዎ በፊት ይቅዱ።

በስድስተኛው ቀን ጉዞው ቁልቁል ይሆናል። ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ምድሪቱ በድንገት ታበቃለች፤ ከታች ያለው አረንጓዴ ባሕር የሐረና ደን ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ እያቋረጡ ሲወርዱ መጀመሪያ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም ያንጠለጠለ የአስታ ጫካ፣ ቀጥሎ የሪራ መንደር፣ ከእርሷም በታች ቀርከሃው ይመጣል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው በዚህ ቀርከሃ ውስጥ ነው፤ ዋና ምግቡም ቅጠሉ ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የምትገኘው የካቻ ሜዳ ደን መሐል የተከፈተች ማደሪያ ናት፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል፣ ሌሊት ደግሞ አንበሳ ስለሚኖር ከድንኳን ርቆ አለመሄድ ይበጃል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የዱር ቡና ይጀምራል። ቁልቁለቱ ትንፋሽን ቢያሳርፍም ጉልበትን ስለሚጎዳ ሁለት በትር ይያዙ፣ እርምጃዎንም ያሳጥሩ። ሪራ ላይ ከዛፍ ቀፎ የተቆረጠ ማር ከባለቤቱ ከእጁ መግዛት ይቻላል፤ ስንቅዎ ካለቀ በኋላ የሚገኝ ስለሆነ ለዚህ የሚሆን ዝርዝር ብር ይያዙ።

የመመለሻው መኪና ነገር ከዲንሾ ሳይነሡ ማለቅ አለበት። ሪራና ካቻ ላይ የስልክ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል መኪናው የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ከሾፌሩ ጋር ይስማሙ፤ ሰዓቱም በአበሻ ይሁን በፈረንጅ አጥርተው ይናገሩ። በመጨረሻም ባለፈረሱ እርስዎ መኪና ውስጥ ሲገቡ ጉዞው ለእሱ ገና ግማሽ ላይ መሆኑን አይርሱ። ፈረሶቹን ይዞ ያንኑ አቀበት ወጥቶ፣ አምባውን አቋርጦ ወደ ዲንሾ ለመመለስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስድበታል። የእነዚህን ቀናት ክፍያ በመጀመሪያው ውል ውስጥ ያስገቡለት፤ የተረፈውን በሶ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ደግሞ ለመንገዱ ይተዉለት።